የፍሪሲዮን ፔዳል ስንት ሚሊ ይሳብ? (የሞተር ሳይክል ሞተር የተገጠመላት መኪና)

ቢጫዋ_7 (በርሚንግሃም)

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በቤቴ ጋራዥ የሠራኋት ሎኮስት አለችኝ። ለማታውቋት፦ በ1957 የወጣችውን ሎተስ ሴቨን አይተው እንግሊዞች ከካሬ ቱቦ ብረት በየቤታቸው የሚበይዷት ትንሽ ክፍት መኪና ናት። በር የላትም። ጣሪያም የላትም። ዝናብ ከመጣ መበስበስ ነው።

ሞተሯ የ1998 ያማሃ አር 1 ነው፣ 998 ሲሲ። ከተጋጨ ሞተር ሳይክል ላይ የወረደ ነው። ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ፍሪሲዮኑም (ክላቹ) እዚያው ሆዱ ውስጥ አለ። ከኋላ የፎርድ ሲየራ ዲፈረንሻል ገጥሜላታለሁ። ባዶዋን 460 ኪሎ ትመዝናለች። ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በገመድ ነው። ሞተር ሳይክሉ ላይ በግራ እጅ ይጨበጥ የነበረው አሁን እኔ በሠራሁት ፔዳል ይሳባል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት አስነስቼ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጬ 1ኛ ሳስገባ "ቋ!" ብላ ወደፊት ትዘላለች። እግሬ ወለል ነክቶ እያለ መኪናዋ ቀስ እያለች ትሄዳለች። መብራት ላይ ቆሞ ዜሮ ማርሽ ማግኘት የዕቁብ ዕጣ እንደመጠበቅ ሆኗል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ሰው ነው የሚደርሰው።

ገመዱን ጠበቅ ሳደርገው ዜሮው ትንሽ ይሻላል። ያኔ ደግሞ 5ኛ ላይ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ከ7 ሺህ ወደ 10 ሺህ ዘሎ ይጮኻል፤ መኪናዋ እዚያው ናት። ሩብ ዙር ላላ፣ ሩብ ዙር ጠበቅ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለቀብኝ። መሃሉ የለም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ገመዱ ስንት ሚሊ መሳብ አለበት?

ሲኖ_ነጂ (አዳማ)

ትንሽ፣ ክፍት፣ በር የሌላት፣ የሞተር ሳይክል ሞተር ያላት። ወንድሜ፣ እኛ ጋ ይቺ ባጃጅ ነው የምትባለው 😂

ቢጫዋ_7

😂 አንድ ጎማ ጨምርበት። ባጃጅ ግን 150 የፈረስ ጉልበት የላትም።

ከምሬ ግን ለሚገርማችሁ፦ እዚህ ከተጋጨ ሞተር ሳይክል ላይ ሞተር በደህና ዋጋ ይገኛል። ቀላል ነው፣ እስከ 11 ሺህ ዙር ይጮኻል፣ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮውም ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው የሚገፋው። ጉድለቱ የኋላ ማርሽ የለውም። ለእሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለብቻው ጨምሬያለሁ።

ባጃጅ_ሐኪም (ሀዋሳ)

ሲኖ ለቀልድ ያለው ግማሹ እውነት ነው። የባጃጅ ፍሪሲዮንና የአር 1 ፍሪሲዮን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ደሃ ቤት አደገ፣ አንዱ ሀብታም ቤት።

የመኪና ፍሪሲዮን አንድ ትልቅ ደረቅ ሸራ (የሚፋተግ ሳህን) ነው። እዚህ ግን ትንንሽ ሸራዎችና ብረቶች እየተፈራረቁ ተደርድረው ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። ሞላዎች ዙሪያውን ጨምቀው ይይዟቸዋል። አንተ ስትረግጥ የምታደርገው ከላይ ያለውን ሳህን ሁለት ሚሊ ገደማ ማንሳት ብቻ ነው። ሁለት ሚሊ! ያቺን ካላነሳህ ሸራና ብረቱ አይለያዩም፤ ማርሽ ይጮኻል፣ ዜሮ ይጠፋል። ገመዱን አጥብቀህ ሳህኑን ሁልጊዜ ትንሽ አንስተህ ከያዝከው ደግሞ ሞላው በሙሉ ጉልበቱ አይጨምቅም። ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል።

ስለዚህ ቁልፉን አስቀምጥ። ማዞር ይበቃል። ሦስት ነገር ለክተህ አምጣልኝ።

ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ ላይ ያለውን፣ ገመዱ የሚስበውን ክንድ በጣትህ ወዘወዝ አድርገው። ከመጠንከሩ በፊት ስንት ሚሊ ባዶውን ይሄዳል? ከዚያ ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጠህ ፔዳሉ ጋ ገመዱ ስንት ሚሊ እንደተሳበ ለካ። በዚያው ሰዓት ሞተሩ ጋ ክንዱ ስንት ሚሊ ሄደ? ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን ነበረባቸው። አይሆኑም እንጂ።

ካቻቪቴ (አዲስ አበባ)

ምን አደከማችሁት። ሞላው ደክሟል። ሞተር ሳይክሉ ራሱ 180 ኪሎ ቢሆን ነው፤ አሁን 460 እየጎተተ ነው። ጠንካራ ሞላ አስገባበት። ካላገኘህ በየሞላው ውስጥ ሌላ ቀጭን ሞላ ደርብበት። አለቀ።

ቢጫዋ_7

ካቻቪቴ፣ ጠንካራ ሞላ አለው። ባለፈው ታኅሣሥ የፍሪሲዮኑን ክዳን ከፍቼ ራሴ ነኝ የቀየርኩት። ቪዲዮ እያየሁ 🙈

ሐኪም፣ ቅዳሜ እለካለሁ። አመሰግናለሁ።

ጋሽ_ቶርኖ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆች፣ አንድ ሽማግሌ ልግባ። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ቆሜ ኖሬያለሁ። ፔዳል ማለት መፈንቅል ነው። የመፈንቅል ሒሳብ ሳትሠሩ ሞላ አትግዙ።

ቢጫዋ፣ ከፔዳሉ ማጠፊያ እስከ እግርህ መርገጫ ስንት ነው? ከማጠፊያው እስከ ገመዱ ቀዳዳስ? እስቲ ለምሳሌ መርገጫው 250 ሚሊ ላይ፣ ቀዳዳው 50 ላይ ነው እንበል። 5 ለ 1 ማለት ነው። እግርህ 120 ሚሊ ቢወርድ ገመዱ 24 ሚሊ ይሳባል። የእጅ ፍሪሲዮን የዚያን ግማሽ ቢስብ ነው! ለግማሹ የተሠራን ነገር በእግር እጥፍ ስትስበው አንድ ቦታ የሆነ ነገር ይታጠፋል ወይ ይበጠሳል።

ጉልበቱንም አስበው። ደንግጠህ 40 ኪሎ ብትረግጥ ገመዱ ላይ 200 ኪሎ ነው። ለጣት የተሠራ ገመድ ነው እኮ።

ድርብ ሞላ ያልከው ልጅ፣ ሞላ ስትደርብ ገመዱ ላይ ያለውን ጭነትም ትደርባለህ። ያልታጠፈው ሁሉ ይታጠፋል።

ካቻቪቴ

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ግን ከባድ መኪና በለስላሳ ሞላ ይንሸራተታል፣ እሱን አይክዱኝም።

ጋሽ_ቶርኖ

አልክድህም። ልጁ አንዴ ቀይሯል፣ በቂ ነው። በሽታው ሌላ ነው እያልኩ ነው።

ቢጫዋ_7

ለክቼ መጣሁ። ካሊፐር (የሚሊ መለኪያ) ተበድሬ፣ ባለቤቴን ፔዳል አስረግጬ፣ ራሴ የመኪናዋን አፍንጫ አውልቄ ራዲያተሩ ሥር ተኝቼ።

ቅድም መናገር ነበረብኝ፣ ሞተሩ መኪናዋ ላይ 90 ዲግሪ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ሰንሰለት ይነዳበት የነበረው ግራ ጎኑ ወደኋላ ያያል፤ ጉልበቱ ከዚያ በዘንግ ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል። ፍሪሲዮኑ ያለበት ቀኝ ጎኑ ወደ ራዲያተሩ ነው። ስለዚህ ገመዱ ከእግሬ ተነስቶ በካርቡሬተሮቹ በኩል አልፎ፣ ሞተሩን ዞሮ ፊት ለፊት ይደርሳል። በግራ በኩል ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ስላለ በዚያ አላሳለፍኩትም፤ ይጠበስ ነበር።

ቁጥሮቹ፦ መርገጫው 250 ላይ ነው፣ ቀዳዳው 50 ላይ። ጋሽ ቶርኖ፣ ጋራዤን ያዩት ነው የሚመስለው! እግር ማስገቢያው ጠባብ ስለሆነ እግሬ የሚወርደው 90 ሚሊ ብቻ ነው። ፔዳሉ ጋ ገመዱ 18 ሚሊ ተሳበ። ሞተሩ ጋ ክንዱ የሄደው 8 ሚሊ ነው።

የወረደው የእጅ ፍሪሲዮን ሳጥን ውስጥ ነበረኝ። በሞርሳ አስሬ ገመድ አስገብቼ ጨበጥኩት። 12 ሚሊ ሳበ። የሚያስፈልገኝ 12 ነው ማለት ነው?

ክንዱ ላይ ባዶ ጨዋታ የለም። ዜሮ። አጥብቄው ነበራ።

ባጃጅ_ሐኪም

አሁን ሥራ ተጀመረ።

12ቱ ሙሉ ጭብጡ ነው፣ ባዶው ጨዋታም ውስጡ አለ። ያማሃ ለዚህ ሞተር የእጅ ፍሪሲዮኑ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ባዶ ጨዋታ ተው ይላል። ያ ገመዱ ላይ ሲደርስ ሁለት ሦስት ሚሊ ይሆናል። ቀሪው 9 ገደማ ነው የሚሠራው።

ትልቁ ጥያቄ ግን፣ 18 ገብቶ 8 ወጣ። 10 ሚሊ የት ገባ? ገመድ አይዋጥም። የገመዱ ሽፋን ፔዳሉ ጋ ተደግፎ የቆመበትን ብረት ተመልከት። ሽፋኑ ካልተደገፈ ገመዱ አይስብም፤ ሽፋኑን ራሱን ይገፋዋል። አሁንም ባለቤትህ ይርገጡልህ፣ አንተ ክንዱን ሳይሆን ያንን ብረት እይ።

ሃያቡሳ_በረዶ (ስቶክሆልም)

ይሄን እያነበብኩ በራሴ ሳቅሁ። የእኔም እንደዚህ ነበረች፣ ሞተሯ ግን የሱዙኪ ሃያቡሳ 1298 ሲሲ ነው። የእሱ ፍሪሲዮን በዘይት ግፊት ነው። ገመድ የለም፣ ሽፋን የለም፣ የሚታጠፍ ብረትም ብዙ የለም። እኔም "ተገላገልኩ" ብዬ ዘይቱን የሚገፋ የመኪና ማስተር ሲሊንደር ገጠምኩ፣ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች። አንዴ ረገጥኩ። ታች ያለው ትንሿ ፒስተን ከቤቷ ወጣች። የፍሬን ዘይት ጫማዬ ላይ 🙃

ለካ ሒሳቡ ያው የጋሽ ቶርኖ መፈንቅል ነው፣ በዘይት ብቻ። ከላይ የገፋኸው ዘይት መጠን ከታች ይወጣል። ከባለ አምስት ስምንተኛ ኢንች ወደ ባለ ሦስት አራተኛ ስትሄድ ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 1.2 እጥፍ ብቻ ነው። ዘይቱ ግን በእያንዳንዱ ሚሊ 44 በመቶ ይበልጣል፤ ስፋት ሲያድግ ዘይቱ በካሬ ነው የሚያድገው። ወደ አምስት ስምንተኛ ወረድኩ፣ ከፔዳሉ ሥርም ማቆሚያ ቡሎን አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ቢጫዋ፣ ማቆሚያ ቡሎን አለህ? ካልነበረህ ዛሬ አስገባ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ሳይሆን ቡሎኑ ላይ ነው መቆም ያለበት።

ሲኖ_ነጂ

ስቶክሆልም ሃያቡሳ፣ በርሚንግሃም አር 1፣ እኔ ደግሞ ሞጆ መንገድ ላይ 30 ቶን ጭኜ ቆሜ ይሄን አነባለሁ። ቀጥሉ፣ ጥሩ ነው።

ቢጫዋ_7

ሐኪም፣ እጅህን ይባርከው!

አየሁት። ገመዱ የተደገፈበት ብረት የእግር ማስገቢያው ላሜራ ላይ ነው የታሰረው። አንድ ሚሊ ተኩል ላሜራ ነው። ባለቤቴ ስትረግጥ ላሜራው እንደ ከበሮ ቆዳ ወደ ውስጥ ገባ፤ ስትለቅ ተመለሰ። እኔ ለሳምንታት ገመዱን ሳጠብቅ ላሜራውን ነበር የምሠራው ማለት ነው። ብረቱ ራሱም በትንሹ ታጥፏል። ቀለሙ መታጠፊያው ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

ዛሬ 3 ሚሊ ብረት ቆርጬ ከሁለቱ የቱቦ ብረቶች ጋር በየድኩት። አሁን በመዶሻ ብትመታውም አይነቃነቅም። ነገ እሞክራለሁ።

ቢጫዋ_7

ሞከርኩ። ተበጠሰ።

ላስረዳ። ፔዳሉ እስከ መሃል ሲወርድ ልክ ድንጋይ እንደረገጥኩ ሆነ። ጠንከር አድርጌ ስረግጥ "ጠብ" አለ፣ እግሬም ወለሉን መታ። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው እርሳስ ራስ ተነቅላ ክንዱ ውስጥ ቀርታለች። ገመዱ እንደ መጥረጊያ ጫፍ ተበትኗል።

ከመበጠሱ በፊት ክንዱ 9 ሚሊ ሄዶ ነበር። ከዚያ በላይ እሺ አላለም። አዲስ ገመድ አዝዣለሁ፣ እስከ ሐሙስ ይደርሳል። ሰልችቶኛል፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ_ቶርኖ

አይዞህ ልጄ። ላሜራው ሲታጠፍ ገመዱን ያተርፍለት ነበር። አሁን ላሜራውን ስታጠነክር ሸክሙ ቀጣዩ ደካማ ላይ አረፈ። ፔዳሉንም ሳናስተካክል ነው የረገጥከው፤ 18 ሚሊ ነው የሳብከው። ይህ የኔም ጥፋት ነው፣ ቀዳዳውን አውርደው ማለት ነበረብኝ።

ሥራው ይኸው። የምትፈልገው 12 ሚሊ ነው፣ እግርህ 90 ይወርዳል። አዲስ ቀዳዳ ከማጠፊያው 35 ሚሊ ላይ ብሳ። 90 ሲባዛ በ35፣ ሲካፈል ለ250፣ 12.6 ነው። እግርህን በማቆሚያ ቡሎን 85 ላይ ብታቆመው 11.9። ይበቃል። እግርህም ይቀለዋል፣ መፈንቅሉ ከ5 ወደ 7 ገደማ አድጓል።

ባጃጅ_ሐኪም

የጋሼ ሒሳብ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የእጅ ፍሪሲዮኑ 12 ከሳበ ክንዱ 12 መሄድ መቻል አለበት። የአንተ ክንድ 9 ላይ ለምን ቆመ? ድንጋይ የረገጥክ ያህል ነው ያልከው። ሞላ ሲጨመቅ እየከበደ ይሄዳል እንጂ ድንጋይ አይሆንም። ብረት ብረትን ነክቷል ማለት ነው።

ገመድ የለህም አይደል አሁን? ጥሩ። ክንዱ ምንም ሳይስበው ወዴት ነው የሚያየው? ፎቶ ላክ።

ቢጫዋ_7

[ፎቶ] ብርሃኑ መጥፎ ነው ይቅርታ። ቀስቱ ክንዱን ያሳያል።

ባጃጅ_ሐኪም

ተገኘ።

ክንዱ ገና ሳይሳብ ወደ ገመዱ መያዣ አዘንብሏል። መጀመሪያ ላይ ከመያዣው ራቅ ብሎ ነበር መቀመጥ የነበረበት፤ ጉዞው መሃል ላይ ሲደርስ ከገመዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። የአንተ ከመሃል ነው የሚጀምረው። 9 ሚሊ ሄዶ የገመዱን መያዣ ይነካል፣ አበቃ። ከዚያ በኋላ የረገጥከው ሁሉ ላሜራ ማጠፍና ገመድ መበጠስ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ክዳኑን ከፍቻለሁ ብለሃል። የዚህ ሞተር ክዳን ውስጥ ክንዱ የሚያዞራት ጥርስ ያላት ዘንግ አለች። ከፍሪሲዮኑ መሃል ደግሞ ጥርስ ያለው ዘንግ ይወጣል። ሁለቱ ተናክሰው ነው ሳህኑን የሚስቡት። ክዳኑን ስትመልስ አንድ ጥርስ አስተህ ነው የገጠምከው። በቪዲዮ አይታይማ፣ ሰውዬው እጁ ይከልለዋል 😄

እኔ ጋ ባጃጅም ሌላ ሞተርም ይዘው ይመጣሉ፣ "ፍሪሲዮኑ ከተቀየረ ወዲህ አልሆነልኝም" ይሉኛል። መጀመሪያ የማየው ክንዱን ነው።

ካቻቪቴ

ኦህ። ይሄን ነገር እኔም አንድ ደንበኛ ላይ ሠርቼዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ገመድ ስቀይርለት ነበር። ስሙን አልጠራም፣ አሁንም ሰላም ይለኛል።

ቢጫዋ_7

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥፋት ጥርሷ ናት፤ ላሜራው የታጠፈውም በእሷ ነው?

ባጃጅ_ሐኪም

አዎ። ክንዱ ይቆማል፣ እግርህ አይቆምም። መሃል ላይ ያለው ደካማ ነገር ይከፍላል።

አሠራሩን ልንገርህ። ዘይቱን አውርድ። የክዳኑን ቡሎኖች ስትፈታ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ካርቶን ላይ ክዳኑን ስለህ በየቀዳዳው ሰካቸው። አዲስ ጋርኒሲዮን (የክዳኑ ማሸጊያ) ይኑርህ። ክዳኑን ስታወጣ ዘንጉን ተመልከት፤ ጥርሱ በሞተር ሳይክሉ አቀማመጥ ወደኋላ ማየት አለበት። ስለሚዞር በጣትህ አስተካክለው። ክዳኑን ስትመልስ ክንዱን አንተ ያዘው፣ ጥርሱ ሲነካከስ ክንዱ ራሱ ትንሽ ዞር ይላል። ልቀቀው። ከዚያ ክንዱን በጣትህ ገፋ አድርገህ ሲጠነክርብህ አቁም። ክንዱ ላይ የተነቀሰች ነጥብ አለች፣ ክዳኑ ላይም ምልክት አለ። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተያዩ ጨርሰሃል። ካልተያዩ አውጣና አንድ ጥርስ አዙር።

ከፍተህ ሳለ ሸራዎቹንም አውጣቸው። ሲንሸራተት ነድተሃል። ብረቶቹን መስታወት ላይ አስተኝተህ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ላሜራዎች) እይ፣ ከ0.1 ሚሊ በላይ የተጣመመ ካለ ጣለው። ሰማያዊ የሆነውንም ጣል። አዲስ ሸራ ካስገባህ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ይደር። ደረቁን እንዳትገጥም።

ጋሽ_ቶርኖ

ሐኪም፣ ሀዋሳ ስመጣ ሻይ እጋብዝሃለሁ።

ባጃጅ_ሐኪም

ጋሼ፣ እርስዎ ይምጡልኝ እንጂ ዓሣውን እኔ ነኝ የምጋብዘው።

ሃያቡሳ_በረዶ

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር። ከመኪና ሱቅ "ነዳጅ ቆጣቢ" የተጻፈበትን ዘይት እንዳታስገባ። ውስጡ የሚያንሸራትት ነገር አለው፤ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ነው) የሚል ፈልግ። ኤም ቢ አይደለም፣ ኤም ኤ።

ሌላም ልጨምር፣ ርዕሱ ባይሆንም። ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ ያዘነብላል፣ ዘይቱ ታች ይቀራል። መኪና አያዘነብልም። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። የዘይት ቋትህ ውስጥ ማገጃ ላሜራ አለህ? ፍሪሲዮን ቢነድ ሸራ ትቀይራለህ። ኩሽኔታ ከነደደ ሞተር ነው የምትገዛው።

ቢጫዋ_7

ማገጃው አለ፣ እሱን መጀመሪያ ነው የሠራሁት። የዘይቱን ግን አላውቅም ነበር። ቆርቆሮውን ሄጄ አየሁት፤ "ነዳጅ ቆጣቢ" ይላል በትልቁ 🤦🏾 ስለዚህ መንሸራተቱ በከፊል ከዚያም ነው?

ሃያቡሳ_በረዶ

ሊሆን ይችላል። ሸራው ካልነደደ ቢያንስ ሁለቴ ዘይት ቀይርበት፣ የጠጣውን ቶሎ አይተፋም።

ቢጫዋ_7

ሪፖርት። ቅዳሜን ሙሉ ፈጅቷል፣ እሑድንም ግማሹን።

ክዳኑን ከፈትኩ። ዘይቱ የተቃጠለ ሽታ አለው፣ እንደ አረረ ወጥ። ሸራዎቹ መልካቸው ጥቁር ሆኗል። ብረቶቹን የመታጠቢያ ቤት መስታወት አውርጄ በላዩ አስተኛኋቸው (ባለቤቴ እስካሁን አላወቀችም)። ሁለቱ ሰማያዊ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሥር 0.15 ሚሊ ላሜራ በቀላሉ ገባ። ሸራና ብረቱን በሙሉ ቀየርኩ። አዲሶቹ ሸራዎች ሌሊቱን የኬክ መጋገሪያ ውስጥ በዘይት አደሩ። መጋገሪያውንም አላወቀችም።

ጥርሱ፦ ሐኪም እንዳለው ነው። አንድ ጥርስ። ክዳኑን ሦስቴ አስገብቼ አወጣሁት፤ ጣቴ ውስጥ ሆኖ ዘንጉ ስለሚዞርብኝ። በሦስተኛው ክንዱ እጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ነጥቧና ምልክቱ ተያዩ። እዚያው ብቻዬን ጮኽኩ።

ፔዳሉ ላይ 35 ሚሊ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። የገመዱን መታጠፊያም አሰፋሁት፤ መጀመሪያ የሻይ ስኒ ያህል ነበር የሚታጠፈው፣ አሁን ትልቅ ሰሃን ያህል ነው። ማቆሚያው ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ነው፣ በዳዶ የሚቆለፍ፣ ራሱ ላይ ጎማ ለጥፌበታለሁ።

አሁን ባለቤቴ ስትረግጥ ፔዳሉ ጋ 11.9 ሳይሆን 12.2 ወጣ፣ ቀዳዳው ትንሽ ሳልስት አልቀረሁም። ሞተሩ ጋ 11.5 ይደርሳል። ክንዱ መያዣውን ሳይነካ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ባዶ ጨዋታው ክንዱ ላይ 2 ሚሊ፤ እግሬ ላይ ሲደርስ 14 ገደማ ነው። ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ፔዳሉ ግማሽ ላይ ነው።

ጠዋት በቀዝቃዛው 1ኛ ሳስገባ አሁንም "ጠቅ" ይላል፣ ግን አትዘልም።

ባጃጅ_ሐኪም

ጠቅታው ይኑር፣ የዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን ጠባይ ነው። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ሸራና ብረቱን ያጣብቃቸዋል። አስነስተህ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ተወው፣ ከዚያ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ርገጥና አስገባ። ቢሞቅም ከጮኸ ግን ተመልሰህ ና።

5ኛ ላይ ሞከርከው?

ቢጫዋ_7

ሞከርኩት። ባዶ መንገድ አግኝቼ 5ኛ ላይ ከ6 ሺህ ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁ። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ወጡ። ስንት ፍጥነት እንደደረስኩ እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ ስመለስ መብራት ያዘኝ። በእግሬ ረግጬ ማንሻውን ከ2ኛ ግማሽ ያህል ነካ አደረግሁት፣ አረንጓዴዋ የዜሮ መብራት በራች። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ እስኪያጮኽብኝ ድረስ እያየኋት ቆየሁ።

ጋሽ_ቶርኖ

አዲስ ገመድ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ማይሎች ትንሽ ይለጠጣል። ባዶ ጨዋታው ይበዛብሃል። ያኔ እዚያው ሞተሩ ጋ ባለው ማስተካከያ 2 ሚሊዋን መልሳት። ማቆሚያውን አትንካው።

ሲኖ_ነጂ

ሞጆ ደረስኩ፣ ጫንኩ፣ አራገፍኩ፣ ተመለስኩ፤ እናንተ አሁን ጨረሳችሁ። የፔዳሉን ሥዕል ከቁጥሮቹ ጋር ለጥፍልን እንጂ፣ የወንድሜ ልጅ የሆነች ነገር እየበየደ ነው።

ቢጫዋ_7

ነገ እለጥፋለሁ። ዛሬ መስታወቱን መልሼ መስቀል አለብኝ።